አውራ ጣት ሲቆረጥ፦ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ እርፍ እስከ መጨበጥ

ቀኝ እጄ ላይ አውራ ጣት የለኝም። ጎጃም፣ አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ውስጥ ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ስንቆርጥ መጥረቢያው ሸርተት አለና ወሰደው። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ዛሬ ልጽፍ የተነሣሁት ኅዳር ስለገባ ነው። አጨዳው ተጀምሯል፣ ማጭዱ ተስሏል፣ መውቂያ ማሽኑም መዞሩ አይቀርም። በዚህ ሰሞን ጎጃም ውስጥ ጣቱን የሚያጣ ሰው አይጠፋም። ለእሱ፣ ለሚስቱ፣ ለልጁ፣ አጠገቡ ለሚገኝ ሰው ሁሉ ይድረስልኝ።

አውራ ጣት ስሙ ራሱ ይናገራል። ሐኪሞች እጅ ከሚሠራው ሥራ 40 በመቶ ገደማውን ለእሱ ይሰጡታል። ከአራቱ ጣቶች ፊት ለፊት የሚቆመው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። አራቱ ሲታጠፉ የሚቀበላቸው እሱ ነው። ሲጠፋ አራቱ የሚገጥማቸው ያጣሉ። ስለዚህ ሕክምናውም፣ ልምምዱም፣ የዕቃ ማስተካከሉም አንድ ነገር ፍለጋ ነው፦ ለአራቱ ጣቶች የሚገጥማቸውን ነገር መስጠት። ሐኪም ሲያማክራችሁም፣ ቤት ውስጥ ዕቃ ስታስተካክሉም ይህችን ይዛችሁ ሂዱ።

1. መጀመሪያ ደሙን አቁሙ

ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጋችሁ በመዳፍ ጫን በሉ። የነጠላ ጫፍም ይሆናል። እጁን ከልብ ከፍ አድርጉ። 10 ደቂቃ ሙሉ አትልቀቁ። "ቆመ እንዴ?" እያላችሁ አትግለጡት፣ የረጋው ደም ይነሣና እንደገና ይፈሳል። ጨርቁ ከራሰ ሌላ ደርቡበት እንጂ የታችኛውን አታንሡ። የጣት ደም ብዙውን ጊዜ በዚህ ይቆማል።

እየተረጨ እምቢ ካለ ብቻ፣ ቢያንስ ሦስት ጣት ስፋት ባለው ጨርቅ ክንዱን ከክርን በላይ አጥብቃችሁ እሰሩ። የታሰረበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ወረቀት ከሌለ ክንዱ ላይ በእስክሪብቶ። በሲባጎ ወይም በሽቦ ማሰር ግን ጤነኛውን ሥጋ ይጎዳል።

የቡና ዱቄት አታድርጉ። አመድ፣ እበት፣ ላምባ፣ የተቀጠቀጠ ቅጠልም አታድርጉ። የቡናው ዱቄት ደሙን ያቆመ ይመስላል። ኋላ ግን ቁስሉን ያቆሽሸዋል፣ ሐኪሙም መስፋቱን ትቶ ዱቄት ሲያጥብ ጊዜ ይሄዳል። ቀለበት ካለ እጁ ሳያብጥ በፊት አውልቁ።

2. የተቆረጠውን ጣት ፈልጉና በደንብ ያዙት

እኔ የተጎዳሁት እዚህ ላይ ነው። ጎረቤታችን አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ በጣም የሚወዱኝ ሰው። ጣቴን ከእንጨት ፍልጡ መሃል አንሥተው አራገፉት። "አይዞህ ልጄ፣ በዚህ አይበላሽም" አሉና አረቄ የሞላበት ብርጭቆ ውስጥ ከተቱት። ከሰዓታት በኋላ ሐኪሙ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣው። ጣቴ ነጭ ሆኖ ተጨማዷል። ጥፍሩ ሥር የገባችው የእንጨት ልጣጭ እንኳ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ሐኪሙ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ራሱን ነቀነቀ።

አረቄ ሥጋውን ይገድለዋል። ጨውም፣ በረኪናም፣ ዴቶልም እንዲሁ። ጣት መልሶ መትከል ማለት በአጉሊ መሣሪያ እያዩ ክር የሚያህሉ የደም ሥሮችን መስፋት ነው። የሞተ የደም ሥር ደግሞ አይሰፋም። እንዲህ አድርጉ፦

ጣቱን በንጹሕ ውኃ ለቅለቅ አድርጉት። አትፈትጉት። ንጹሕ ጨርቅ ወይም ፋሻ በውኃ አርጥባችሁ በደንብ ጭመቁና ጠቅልሉት። ጥቅሉን ቀዳዳ የሌለው ፌስታል ውስጥ ከታችሁ አፉን ቋጥሩ። ከዚያ ፌስታሉን በረዶና ውኃ የተቀላቀለበት ዕቃ ውስጥ አስቀምጡ። ጣቱ በረዶውን በቀጥታ መንካት የለበትም። በረዶ የነካው ሥጋ ይቃጠላል፣ እንደ ደረቀ ጥብስ ይሆናል።

በረዶ ከየት ይመጣል? ለስላሳ የሚሸጥ ሱቅ፣ ሆቴል፣ ፍሪጅ ያለው ጎረቤት ጠይቁ። አፈ ሰፊ ፔርሙዝ ካላችሁ በረዶና ውኃውን እሱ ውስጥ አድርጉ፣ መንገድ ላይ ቅዝቃዜውን ይጠብቃል። በረዶ ጨርሶ ከሌለ ፌስታሉን የምንጭ ውኃ ውስጥ አኑሩና ውኃውን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። ከፀሐይና ከመኪና ሞተር ሙቀት አርቁት።

ቅዝቃዜ ያላገኘ ጣት ከተቆረጠ በኋላ እስከ 12 ሰዓት፣ በደንብ የቀዘቀዘ እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። በቶሎ የደረሰ ሁልጊዜ ይሻላል። ሆኖም መንገድ በማይኬድበት ቀን፣ "አሁንማ መሽቷል" ብላችሁ ጣቱን እንዳትጥሉት ነው ይህን የምነግራችሁ።

ጣቱ በቆዳ ተንጠልጥሎ ከቀረ አትቁረጡት። በቆዳዋ ውስጥ ደም የሚያመላልስ ሥር ሊኖር ይችላል። ወደ ቦታው መልሳችሁ ከእጁ ጋር በፋሻ ጠቅልሉት።

3. ሐኪም ቤት፣ ዛሬውኑ

የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። አምቡላንስ ካልደረሰላችሁ ባገኛችሁት መኪና ሂዱ። ቅርባችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ደም ያቆማል፣ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ይሰጣል፣ ሪፈር ይጽፋል። ቀጥሎ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ነው። ደብረ ማርቆስ ሪፈራል ሆስፒታል አለ። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን አሉ። አዲስ አበባ ደግሞ አለርትና የካቲት 12 በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ይታወቃሉ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ዝም ብላችሁ አትነሡ። ጤና ጣቢያው ወይም ሆስፒታሉ አስቀድሞ ደውሎ "መልሶ የሚተክል ሐኪም አለ ወይ?" ብሎ እንዲጠይቅላችሁ ወትውቱ። ይህ ቀዶ ሕክምና በየቦታው አይገኝም።

መንገድ ላይ ለቆሰለው ሰው ምግብ አትስጡት። ጠላም፣ አረቄም፣ "ልቡን ይመልስለት" ተብሎ ወተትም አይሰጥ። ማደንዘዣ ሊወስድ ስለሚችል ሆዱ ባዶ መሆን አለበት። አስፕሪንም አይዋጥ፣ ደም ያቀጥናል።

በማጭድ ወይም በመጥረቢያ ጥርት ብሎ የተቆረጠ ጣት የመትከል ዕድሉ ጥሩ ነው። በወፍጮ ቀበቶ የተፈጨ ወይም ተመዝዞ የወጣ ጣት ይከብዳል። ቢሆንም ይዛችሁት ሂዱ። አውራ ጣት ከሆነ ሐኪሞች ከሌላው ጣት ሁሉ የበለጠ ይታገሉለታል። ባይተከል እንኳ ቆዳው ወይም ጥፍሩ ለቁስሉ መሸፈኛ ሊያገለግል ይችላል። የተቆረጠ አውራ ጣት መልሶ በመትከል መጀመሪያ የተሳካላቸው ጃፓኖቹ ኮማትሱና ታማይ ናቸው፣ እንደ ፈረንጆች በ1965።

ስለ ወጌሻ አንድ ነገር ልበል። ወጌሻን የምንቅ ሰው አይደለሁም። ወለምታዬን ያሹልኝ እናት ዛሬም ይመርቁኛል። ግን የቆሰለና ያበጠ ጣት በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ደም ይቋረጣል። ጣቱ ይጠቁራል፣ ይሸታል። መቆረጥ ያልነበረበት ጣት እንዲህ ይቆረጣል። የታሰረ ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ ማሰሪያውን ያኔውኑ ፍቱትና ወደ ሐኪም ሩጡ።

4. ካልተተከለ ምን ትጠይቃላችሁ?

ሐኪሙ ቁስሉን አጥቦ ጉቶውን ይዘጋል። ከመዘጋቱ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "ርዝመቱን ምን ያህል ማትረፍ ይቻላል?" አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ ትልቅ ነገር ናት። አውራ ጣት ሁለት አንጓ ብቻ ነው ያለው። የጫፉ አንጓ ብቻ ከሄደ የቀረው ከሌሎቹ ጋር መገናኘት ይችላል። አብዛኛው ሰው በልምምድ ብቻ ሥራውን ይሠራል። ሁለቱም ከሄዱ ግን አራቱ ጣቶች የሚገጥማቸው የለም፣ ያኔ ስለ ሌላ ቀዶ ሕክምና ማሰብ ይገባል።

ስፌቱ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። እስከዚያ ፋሻው ደረቅ ይሁን። እጁን ስትተኙ ትራስ ላይ፣ ስትቀመጡ ደረት ላይ ከፍ አድርጉት። ግን አንጠልጥላችሁት ብቻ አትዋሉ። የቀሩትን ጣቶች፣ የእጅ አንጓውን፣ ክርኑን፣ ትከሻውን በየሰዓቱ አንቀሳቅሱ። እኔ ከሕመሙ ፍርሃት የተነሣ ሦስት ሳምንት እጄን ጋቢ ውስጥ ደብቄ ከረምኩ። ጣቶቼ እንደ ደረቀ ቆዳ ድርቅ አሉ። እነሱን ማላላት ከቁስሉ የበለጠ ጊዜ ፈጀ።

ቁስሉ ከቀላ፣ ካበጠ፣ መግል ከያዘ፣ ከሸተተ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ቀይ መስመር ወደ ክንድ መውጣት ከጀመረ ቀጠሮ አትጠብቁ። ስኳር ያለባችሁ ደግሞ አብልጣችሁ ተጠንቀቁ። ሲጋራም ይቅር፣ ደም ሥር ያጠባል።

5. ጉቶውን አለማምዱት

ቁስሉ ሲድን ጉቶው ነካ ሲያደርጉት ይነዝራል። ነጠላ እንኳ ሲነካው እሳት ይመስላል። ነርቩ ግራ ስለተጋባ ነው። መድኃኒቱ ደጋግሞ መንካት ነው፣ ከለስላሳው ወደ ሻካራው።

ፊዚዮቴራፒ ያገኘ ሰው በባለሙያ ይጀምር። እኛ ቤት ግን እናቴ ጎተራውን ከፈተች። ስፌቱ ወጥቶ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እንደ ተዘጋ የመጀመሪያውን ሳምንት በጥጥ ብቻ ዳሰስኩት። ቀጥሎ በነጠላ፣ በጋቢ፣ ኋላም በጆንያ። ከዚያ አንድ ሳህን ጤፍ አቀረበችልኝና እጄን ውስጡ ቀበርኩት። ጤፍ እንደ ውኃ ነው፣ ይፈሳል፣ አይጎረብጥም። ጤፉን ስለምደው ዳጉሳ። ከዳጉሳ ስንዴ፣ ከስንዴ ሽምብራ፣ መጨረሻ ባቄላ። በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ በየጊዜው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ። ሽምብራው ላይ ስደርስ አለቀስኩ። ከዚያ በአሥረኛው ቀን እህሉ ውስጥ የገባች ጠጠር በጉቶዬ ለይቼ አወጣሁ። እናቴ እልል አለች።

ለወራት ከቆየ በኋላ አንዲት ነጥብ ብቻ ስትነካ እንደ ኤሌክትሪክ የምትመታ ከሆነ የነርቭ እባጭ ሊሆን ይችላል። ይታከማል፣ ለሐኪም አሳዩ።

የሌለው ጣት ሲያሳክክ ወይም ሲያም አትደንግጡ። አእምሮ ጣቱ መሄዱን አላመነም። መስታወት ደረታችሁ ፊት ለፊት አቁሙ። የተጎዳው እጅ ከመስታወቱ ጀርባ ይሁን፣ ጤነኛው ከፊት። መስታወቱን እያያችሁ ሁለቱንም እጆች እኩል አንቀሳቅሱ። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል። ብዙ ሰው ሕመሙ ይቀልለታል። ብርድም ጉቶውን ይወጋል። የእንጅባራን ጧት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የሱፍ ጓንት አይለያችሁ።

6. በየቀኑ የምንሠራውን እንደገና መማር

አውራ ጣት ሲጠፋ ቦታውን የሚረከበው ሌባ ጣት ነው። ሌባ ጣትና መሃል ጣት እንደ መቀስ ጎን ለጎን መያዝ ይችላሉ። እስክሪብቶ በሁለቱ መሃል አስገቡና ሀሁ ጻፉ። እስክሪብቶውን በጨርቅ ወይም በስፖንጅ አወፍሩት፣ ቀጭኑ ያመልጣል። እኔ በየቀኑ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ወር ሳይሞላ ፊርማዬ ተመለሰ።

እንጀራ መቁረስ ከሁሉ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ሰው ፊት ነው። እንዲህ ይቆረሳል፦ ቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት እንጀራውን መሶቡ ላይ ጫን ብለው ይይዙታል። ሌባና መሃል ጣት ከጎን ቆንጥጠው ወደ ራሳቸው ይስቡታል። ከዚያ አራቱም ወጡን ከመዳፍ ጋር ጠቅልለው ያነሡታል። መጀመሪያ ብቻችሁን ተለማመዱ። ቤተሰብ ደግሞ በእያንዳንዱ ማዕድ ካላጎረስን እያለ እጁን አያስቦዝን። ጉርሻ የፍቅር ነው፣ እንደ ድሮው አንድ ሁለቴ ይበቃል።

ለሚፈትሉ እህቶች፦ እንዝርቱን ጭን ላይ በመዳፍ ማሽከርከር ይቻላል፣ ጥጡን የሚስበው ሌላው እጅ ይሁን። ጀበና ስትቀዱ እጀታውን በጤነኛው እጅ፣ ሆዱን በወፍራም ጨርቅ ደግፋችሁ በሌላው። ጸናጽል ለምትይዙ ካህናት እጀታው ላይ ጠባብ የቆዳ ቀለበት አሰፉበት፣ አራቱ ጣቶች ይገቡበታል። የስልክ አሻራ ደግሞ በሌላ ጣት እንደገና መዝግቡ።

7. የሥራ ዕቃ

የሳይክል ከመነዳሪ፣ ያ የውስጡ ጎማ፣ የዚህ ሥራ ምርጥ ዕቃ ነው። ባሕር ዳር ከሳይክል ጠጋኝ ዘንድ አሮጌውን በርካሽ ታገኛላችሁ። በቀጭኑ ሸንሽኑትና የአካፋውን፣ የዶማውን፣ የማማሰያውን እጀታ ጠምጥሙበት። ውፍረቱ ልክ የሚሆነው አራቱ ጣቶች ዞረው ጫፋቸው መዳፍ ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ነው። በሌላ እጃችሁ ጎትታችሁ ፈትኑት። ከሾለከ ጨምሩ።

ማጭድ በግራ እጅ ያዝኩ። አራቱ ጣቶች ዘለላ ሰብስቦ ለመያዝ ከበቂ በላይ ናቸው፣ ቀኜ ይሰበስባል፣ ግራዬ ያጭዳል። ማጭዱን ለግራ እጅ እንዲሞርደው ለቀጥቃጩ ነገርኩት። መጥረቢያ ግን ተውኩ። ፍልጥ የሚፈልጥልኝ ሰው አለ፣ እኔ በመጋዝ እቆርጣለሁ። ጭብጡ የላላ ሰው መጥረቢያ ቢያነሣ አጠገቡ ላለው ሰውም አደጋ ነው።

እርፉ ላይ የጠፍር ቀለበት አሰርኩ። አራቱ ጣቶች ከእርፉና ከጠፍሩ መሃል ይገባሉ፣ ጠፍሩ የአውራ ጣትን ቦታ ይይዛል። ቀለበቱን እርፉ ላይ እንጂ የእጅ አንጓችሁ ላይ በፍጹም አትሰሩ። እጃችሁን ወደ ኋላ ስትስቡ ወዲያው መውጣት አለበት። በሬ ደንግጦ ሲፈነጠር የታሰረ እጅ አብሮ ይሄዳል። በሚሽከረከር ማሽን አጠገብ ደግሞ ጠፍርም፣ የተንዘላዘለ ጓንትም አይታሰብ።

8. ጣት መልሶ መሥራት

ቁስሉ ድኖ፣ ልምምዱን ሞክራችሁ፣ "አልሆነልኝም" ካላችሁ ሐኪም የሚያቀርባቸው መንገዶች አሉ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ያለውን ሥጋ በቀዶ ማጥለቅ አንዱ ነው፣ አጭሩ ጉቶ ረዘም ብሎ ይሠራል። አጥንቱን ቀስ በቀስ በመሣሪያ ማስረዘም ይቻላል። ሌባ ጣትን አንሥቶ በአውራ ጣት ቦታ መትከልም አለ። የእግር ጣትን ወስዶ እጅ ላይ መትከልም ይቻላል፣ የእግር አውራ ጣት በእንግሊዝ አገር እንደ ፈረንጆች በ1968 በዚህ መንገድ ተተክሏል። ለገበሬ ግን ይህ ሌላ ጥያቄ ያመጣል፦ ዳገት የሚወጣ፣ ጭቃ ውስጥ የሚቆም እግር ነው። "ከእግሬ የትኛውን ጣት ትወስዳላችሁ? አካሄዴስ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛዋን የእግር ጣት መውሰድም ይቻላል።

ሰው ሠራሽ ጣትም አለ። አንዳንዱ ለመልክ ብቻ ነው፣ አንዳንዱ ጠንካራ ሆኖ ለአራቱ ጣቶች መግጠሚያ ይሆናል። ባሕር ዳር የአካል ተሐድሶ ማዕከል ስላለ እዚያ ጠይቁ።

9. ወረቀቱ

በአሻራ የምትፈርሙ ከሆነ ባንኩና ማኅበሩ ጋ ሄዳችሁ በሌላ ጣት አስቀይሩ። ለፋይዳ መታወቂያ ስትመዘገቡ አሥሩን ጣት፣ የዓይን ብሌንና ፊት ይወስዳሉ። ጣት እንደሌላችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ንገሯቸው።

በቅጥር ሥራ ላይ የተጎዳችሁ፣ የወፍጮ ቤት ይሁን የእንጨት መሰንጠቂያ፣ ጉዳቱን ለአሠሪው ወዲያው አሳውቁ። ምስክር ያዙ፣ የሐኪም ማስረጃ አውጡ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሕክምናው በአሠሪው ነው። ሥራ መሥራት ካልቻላችሁ የመጀመሪያውን ሦስት ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩን ሦስት ወር 75 በመቶ፣ ከዚያ እስከ ዓመቱ 50 በመቶ ታገኛላችሁ። የጤና መድን አባል የሆናችሁ ሪፈራችሁን አትጣሉ።

10. እጃችሁን አታሸሽጉ

ጎጃም ሰላምታው እጅ ለእጅ፣ ትከሻ ለትከሻ ነው። መጀመሪያ ሰሞን እጄን ስዘረጋ ሰው ይደነግጥ ነበር። አንዳንዱ ይለቀዋል። ልጆች "አያ፣ ጣትህ የት ሄደ?" ይሉኛል። "መጥረቢያ ወሰደው" እላቸዋለሁ፣ ጉቶዬን ይነካሉ፣ ይበቃቸዋል፣ ይሮጣሉ። ከጋቢ ሥር የተሸሸገ እጅ ልምምድ አያገኝም። ሳትሳቀቁ ዘርጉ፣ አራቱን ጣቶች አጥብቃችሁ ጨብጡ።

ጠፍሩን በየዓመቱ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ እርሻው ሳይበረታ፣ እቀይረዋለሁ። የደረቀ ጠፍር ቆዳ ይልጣል። አዲሱን ቅቤ ቀብቼ ሌሊቱን አሳድረዋለሁ፣ ጧት እርፉ ላይ አስሬ ጣቶቼን አስገባና ሁለት ሦስቴ ስቤ እፈትነዋለሁ። ቶሎ ከወጣ በሬዎቹን እጠምዳለሁ።